ከውሃ በታች ያለው ግማሽ

ጥቅምት 3፣ ሰኞ። ከሰዓት 11።

ሁለተኛው ዙር ብርጭቆ ወረቀት አለቀ። የጣቶቼም ጫፍ አብሮ አለቀ፤ ስልኬ አሻራዬን አላውቅሽም ብሎኛል። ይሁን። እስካሁን ሰባ ሁለት በረንዳ፣ እያንዳንዷ በመሮ የተፈለፈለች። ብርሃኑ ባለፈ ቁጥር የእርግብ ቤት ነው ወይ ይለኛል። (ብርሃኑ፦ ሼዱን የምጋራው በር ሠሪ። ምላሱ ከመጋዙ ይፈጥናል።) በሩን ይሥራ፣ እኔን ይተወኝ።

አንተ ደብተር፣ ሦስት ሳምንት ጠፋሁብህ፣ አታኩርፍ። መርከብ እየሠራሁ ነው። አዎ፣ እኔ ሰናይት፣ የጉለሌዋ ቁም ሳጥንና ቡፌ ሠሪ፣ ባህር በዓይኗ አይታ የማታውቅ።

ለጋሽ ዘለቀ ነው። ግቢያችን አንድ ነው፣ ቤታችን ጀርባ ለጀርባ። አባዬ ከሞተ በኋላ የእኔንና የእህቴን ዩኒፎርም እሁድ እሁድ የሚተኩሱልን እሳቸው ነበሩ፤ ክፍል ውስጥ እንደኛ እጥፋቱ የቆመ ቀሚስ የለበሰ አልነበረም። አናጺ ልሁን ስል እማዬ ስታብድ ተዋት ያሏትም እሳቸው ናቸው። (ከእንግዲህ ጋ/ዘ ብዬ ነው የምጽፈው፣ እጄ ደክሟል።) በወጣትነታቸው ምፅዋ ወርደው በጣሊያን የመንገደኛ መርከብ ላይ አራት ዓመት ልብስ አጥበዋል። አሁን ሰማንያን አልፈዋል። ቀኝ ዓይናቸው ሄዷል፣ ግራው እየጠበበ ነው። ባለፈው ወር ሐኪሙ አልደበቀንም፤ የዓይን ግፊቱ የበላው አይመለስም፣ የቀረውም ገናን ከተሻገረ ጥሩ ነው አለ።

ስንመለስ ታክሲ ውስጥ ምን ላድርግልዎት አልኳቸው። መርከቤን አንድ ጊዜ ሙሉዋን ባያት አሉ። አራት ዓመት ኖረውባት መልኳን አያውቁትም። ሲገቡም ሲወጡም አጠገቧ ቆመው ግድግዳ ብቻ ነው ያዩት፤ ለቀው የወጡ ዕለት ደግሞ ጀርባዋን ሰጥታ ስትሄድ። በስልክ የመርከብ ፎቶ ላሳያቸው ብል ለዓይናቸው ትንኝ ሆነች።

ስለዚህ ያዩዋታል። አለቀ። ከየት አይቼ እንደምሠራት አልጠየቅኳቸውም። እህቴ ማሂ አሁን መርከብ ላይ አይደል የምትሠራው? ሃያ ያህል ፎቶ ልካልኛለች። መርከብ መርከብ ነው። ቅዳሜ አስረክባለሁ።

ጥቅምት 8፣ ቅዳሜ። ማታ 1 ሰዓት።

ጉድ ሆንኩ።

በነጠላ ሸፍኜ ወሰድኩላቸው። እማዬ እልል ልትል አፏን አዘጋጅታለች። ጋ/ዘ ደጃፋቸው ፀሐይ ላይ ተቀምጠዋል። ገለጥኩት። በግራ ዓይናቸው ተጠጉ፣ ከዚያ በእጃቸው። ጣታቸው በረንዳዎቹ ላይ ሲደርስ ቆመ። ወደ ላይ፣ ወደ ጎን፣ እንደገና ወደ ላይ። ልጄ፣ ይሄ ኮንዶሚኒየም ነው አሉኝ።

እማዬ በሳቅ ሞተች። እኔ ፊቴ ጋለ።

ቀስ ብለው አስረዱኝ። የእሳቸው መርከብ ሥራዋ ማድረስ ነበር። ሰውና ፖስታ ትጭናለች፣ ከዚህ ወደብ ተነስታ በተባለው ቀን እዚያ ወደብ ትገባለች። ማዕበል መጣ ተብሎ መዞር የለም፣ መሰንጠቅ ነው። ለዚህ ነው አፍንጫዋ ረጅምና ስል የነበረው፣ ብረቷ ወፍራም፣ ላይዋ ዝቅ ያለ፣ ሆዷ ጥልቅ። የእኔዋ አፍንጫ የላትም ማለት ይቻላል፤ ላይዋ ፎቅ በፎቅ ተቆልሏል። የነፍስ አድን ጀልባዎቹ ለምን ወገቧ ላይ ተንጠለጠሉ አሉ፤ የእነሱ ከሁሉም በላይ ነበሩ። በረንዳስ ምን ይሠራል? ክብ መስኮት ነበር፣ እሱም ለባለ አንደኛ ማዕረግ።

የከፋኝ ስለመሰላቸው ደግሞ ሥራሽ ልቅም ያለ ነው፣ ስታገቢ ቡፌሽ ላይ ታስቀምጪዋለሽ አሉ። ይሄም ተጨመረልኝ!

ሰባ ሁለት በረንዳ። ሦስት ሳምንት። የማን ጥፋት ነው? የእኔ። ጠይቄ አልነበረማ። ነገ እጠይቃለሁ፣ አንድ በአንድ። አዲስ እንጨት አወጣለሁ።

ጥቅምት 9፣ እሁድ። ከሰዓት 10።

ከቁስቋም ከቅዳሴ መልስ እጃቸውን ይዤ አዲሱ ገበያ ወረድን። ጋ/ዘ የመርከባቸውን ርዝመት በሜትር አያውቁትም፣ በእርምጃ ግን ያውቁታል። ሥራ ሲቀል በውስጥ መተላለፊያው ከጫፍ ጫፍ ይመላለሱ ነበር።

ታክሲ ተራው ጋ ቆሙና ኋላዋ እዚህ ነው አሉ። መራመድ ጀመሩ፣ ጮክ ብለው እየቆጠሩ። እኔ ሜትሬን እየዘረጋሁ ከኋላ። ሰው ሁሉ ቆሞ ያያል። አንዷ ቲማቲም ሻጭ ሜትር ስታይ ለኮሪደር ልማት ነው፣ ልታፈርሱን ነው ብላ ዕቃዋን መሰብሰብ ጀመረች። ኧረ መርከብ ነው የምንለካው ብላት ይባስ ደነገጠች።

ጋ/ዘ ማንንም አልሰሙም። የጫማ ጠጋኙ ጋ ሲደርሱ ሦስተኛ ማዕረግ አሉ፤ አገር ለቀው የሚሄዱ ሰዎች፣ ጥቅላቸውን ታቅፈው፣ ልጅ የሚያለቅስበት። ሱቁ በር ላይ የብረት አጥር፣ የተቆለፈ። ከዚያ ሁለተኛ። ከዚያ ሌላ አጥር። ከዚያ አንደኛ ማዕረግ፣ እሳቸው አንሶላ ሊያደርሱ በጓሮ ደረጃ ብቻ የገቡበት፤ ፒያኖውን ሰምተውታል፣ የሚጫወተውን አላዩትም። ፋርማሲው በር ላይ ቆሙ። አፍንጫዋ አሉ። ሜትሬ ሁለት መቶ ሊሞላ ትንሽ ቀረው።

እዚያ ጋ መንገዱ ወደ እንጦጦ ሽቅብ ይላል። እግራቸውን ከፈት አድርገው ቆሙና ማዕበል ሲመጣ እንዲህ ነው፣ አፍንጫዋ ብድግ ይላል፣ ታች ያለነው ባልዲ ይዘን እንንከባለላለን አሉና ሳቁ። ከሐኪም ቤት ወዲህ ሲስቁ ዛሬ ገና አየሁ።

የማሂ መርከብ ከሦስት መቶ ሜትር በላይ ነው ስትል የሰማሁትን ነገርኳቸው። ካልሄድን አሉ። ዳቦ ቤቱን አልፈን እስከ ት/ቤቱ አጥር ደረስን። ደከማቸው፣ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ይሄን ሁሉ ምን ያደርጉበታል? አላውቅም አልኩ። እጠይቅልዎታለሁ።

ልኬ፦ 1 ሳንቲም = 2 ሜትር። አንድ ሜትር የምትሆን መርከብ። ዋንዛ።

ጥቅምት 12፣ ረቡዕ። ጠዋት 2።

የማሂ ድምፅ ገባ። አምስት ደቂቃ፣ ልጅቷ ስታወራ ፍሬን የላትም። ጋ/ዘ ጆሯቸውን ስልኩ ላይ ደፍተው ሁለቴ ሰሙት።

እሁድ ይነሳሉ። በየደሴቱ ጎራ ጎራ ይላሉ። በሳምንቱ እሁድ እዚያው የተነሱበት ወደብ ይመለሳሉ። ጋ/ዘ አስቆሙኝ፤ ታዲያ የት ደረሱ? የትም። ለመድረስ አይደለማ የሚመጡት፣ ለመርከቡ ነው ትላለች ማሂ። ዋና፣ ቲያትር፣ መሮጫ ሜዳ፣ ልጆች የሚንሸራተቱበት ውሃ። ወደብ ሲደረስ እንኳ የማይወርድ ሰው አለ። ማዕበል ካለ ካፒቴኑ ዞሮ ይሄዳል፤ ማን ይቸኩላል። ሆዷ ጥልቅ ስላልሆነ ትንንሽ ወደብም ትገባለች።

ጋ/ዘ ስልኩን ወደ እኔ ገፉት። አይሮፕላን ነው አሉ በኋላ። የሚደርስ ሰው ሁሉ ወደ አይሮፕላን ሄደ፣ የእኛዋ ሥራ ፈታች፣ ተሸጠች፣ ተቆራርጣ ብረት ሆነች። ባህር ላይ የቀረው መድረስ የማያስፈልገው ሰው ነው። ንግግራቸው ውስጥ ንቀት ፈልጌ ነበር፣ አላገኘሁም። የገረማቸው ብቻ ነው የሚመስለው።

ከዚያ ልጅቷ የት ነው የምትተኛው ጠይቂልኝ አሉ። ጻፍኩላት። መልሱ ለእኔ ብቻ መጣ፣ በጽሑፍ፦ ከሁሉም በታች፣ ከውሃው በታች፣ መስኮት የለውም፣ ከሌላ ልጅ ጋር አልጋ በአልጋ ላይ፤ ለእማዬ እንዳትነግሪ። እሺ፣ ቃሌ ነው አልኳት። እማዬ እኮ ማሂ በረንዳ ላይ ቆማ የተነሳችውን ፎቶ አሳጥባ ቡፌ ላይ አስቀምጣታለች፣ ለመጣው ሁሉ ልጄ በረንዳ አላት ትላለች! ማሂ እንግዳው ሲወጣ ክፍሉን እያጸዳች ነበር የተነሳችው።

ለጋ/ዘ ምን ልበል? ደህና ቦታ ነው አልኩ። ራሳቸውን ነቀነቁ። ያመኑኝ አልመሰለኝም።

ጥቅምት 20፣ ሐሙስ። ምሳ ሰዓት።

አጭር። ጊዜ የለም። ቀን የሰው ቁም ሳጥን፣ ከ10 በኋላ መርከብ። አፍንጫዋ ሦስት ቀን ፈጀ፤ በሞረድ ቀስ በቀስ፣ በየማታው ጋ/ዘ በጣታቸው እየዳሰሱ ገና ነው፣ ገና ነው፣ ገና። ዛሬ እህ አሉ። ይቺ እህ ዲፕሎማዬ ናት።

ሁለት ጭስ ማውጫ። ጀልባዎቹ ከላይ፣ በየጎኑ ሰባት። ክብ መስኮቶቹን በቀጭን መብሻ። ብርሃኑ ዛሬ አልቀለደም። ቆሞ አየና እጁን ኪሱ ከትቶ ሄደ።

ጥቅምት 29፣ ቅዳሜ። ማታ 12 ሰዓት ተኩል።

እስክሪብቶው ወረቀቱን እየቀደደው ነው። ከንዴት። በራሴ።

አለቀች ብዬ ወሰድኳት። ቀለም ብቻ ቀርቷታል። የጋ/ዘ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኳት፣ ቀጥ አለች፣ ንቅንቅ የለም። እኔም ኮራሁ። ቡፌ ሠሪ ነኛ፣ የሚወላገድ ዕቃ ከእጄ ወጥቶ አያውቅም፤ በውሃ ልክ ሁለቴ ለክቻታለሁ።

ዳሰሷት። አፍንጫዋን፣ ጭስ ማውጫዎቹን፣ ጀልባዎቹን ቆጠሩ። ፊታቸው እየፈካ መጣ። ሦስተኛ ማዕረግ አሉ፣ አጥሩ አሉ። ከዚያ እጃቸው ጎኗን ይዞ ወደ ታች ወረደ። ወረደ፣ ጠረጴዛው ገጨው። እንደገና ሞከሩ። ጠረጴዛ። አለቀ እንዴ አሉ።

አዎ አልኩ፣ ምን እንደጠየቁኝ ሳይገባኝ።

እኔ የነበርኩበትስ የት ሄደ?

እማዬ አየችኝ። እኔ መርከቧን አየሁ። ጠፍጣፋ። ሆዷን ቆርጬ ጥያታለሁ! የልብስ ማጠቢያው ከውሃው በታች ነበር፤ አራት ዓመት የሠሩት፣ የተኙት፣ ሁሉም እዚያ። ጎኗ ላይ የሚንቀሳቀሰውን ውሃ ይሰሙታል እንጂ አያዩትም ነበር። ያ ነው እኔ ጠረጴዛ ላይ እንድትቀመጥ ብዬ የቆረጥኩት። ቀድሞ ነግረውኝ ነበር እኮ፤ ሆዷ ጥልቅ ብለውኛል። ሰምቼ በእጄ ግን የለመድኩትን ሠራሁ። ዕቃ መቀመጥ አለበት፣ ይሄ ነው ሃያ ጊዜ የተገረፍኩበት ትምህርት።

ግድ የለም ልጄ፣ ታምራለች አሉ። አንጀቴን በሉኝ። ግድ አለው አልኳቸው፤ ጮህኩባቸው መሰለኝ። ሽማግሌ ላይ መጮህ! በኋላ ጉልበታቸውን ሳምኩ።

የታችኛውን ግማሽ ለብቻው ጠርቤ ከላይኛው ጋር በኮላ አጣብቀዋለሁ። መቆሚያ እሠራለታለሁ። ጠፍጣፋ የሚባል ነገር አይኖራትም።

ኅዳር 2፣ ማክሰኞ። ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል።

የሆድ ቅርጽ ከባድ ነው። ቀጥ ያለ መስመር የለውም፣ ስኳድራ አይገባበትም። ቡፌ ሠሪን ለማዋረድ የተፈጠረ ነገር። ከመሃል ወፈር፣ ወደ አፍንጫው እየሳሳ፣ ወደ ኋላ ለፕሮፔለሩ እየተቆነጠጠ። ጋ/ዘ በሁለት መዳፋቸው በአየር ላይ ሠርተው አሳዩኝ። ያንን ቅርጽ በዓይኔ ይዤ ወደ ሼድ ሮጥኩ፣ ታክሲ ውስጥም እጄን እንደዚያው ይዤ። አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ ቦታ ቀየረ።

ኅዳር 6፣ ቅዳሜ። ከሰዓት 9።

የቁስቋም ንግሥ። ከሕዝቡ ጋር ዳገቱን ወጣን። ጋ/ዘ በአንድ እጃቸው እኔን፣ በሌላው ከዘራቸውን። ታቦቱ ሲወጣ ወዴት ነው አሉኝ። ፊት ለፊታቸው ነበር። ጥላዎቹ፣ ወርቁ፣ ሁሉም። ወደ ድምፁ ዞረው ሰገዱ።

ስንወርድ እልህ ያዘኝ፤ በማን ላይ እንደሆነ እንጃ። ገና እስኪመጣ ይቆያል ያለው ማነው? ሐኪሙ ቢሻገር ጥሩ ነው እንጂ ይሻገራል አላለም። ከሰኞ ጀምሮ የሰው ሥራ አልቀበልም። የቁም ሳጥኑ ባለቤት ይጩኽ።

ኅዳር 12፣ ዓርብ። ከሰዓት 8።

አቃጠሏት።

ኅዳር ሲታጠን ነው። ሰፈሩ በሙሉ ጠርጎ ቆሻሻውን ያነዳል፣ ከተማው ጭስ በጭስ። እኔ ጠዋት ለሚካኤል ሄድኩ። ሼድ ውስጥ ጽዳት ተባለ፣ ብርሃኑ ቁርጥራጭ እንጨቱን ሁሉ ሰብስቦ ውጪ እሳቱ ላይ። የታችኛዋ ግማሽ መሬት ላይ ተገልብጣ ነበር። ከላይዋ ተለይታ ለብቻዋ ምን እንደሆነች ማን ያውቃል? ስደርስ እንደ ዳቦ ጠቁራ በሁለት ተሰንጥቃለች። በእግሬ አወጣኋት። ጫማዬም ተቃጠለ።

ለብርሃኑ ያልኩትን እዚህ አልጽፈውም፣ ሚካኤልን ስሜ የመጣሁበት አፍ ነው። እሱ ደግሞ የዶሮ መኖ ገንዳ መስሎኝ ነው ይላል! አሥራ አንድ ቀን የለፋሁባት!

ሼዱ በር ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። አዎ፣ አለቀስኩ፣ ጭሱ አይደለም።

ኅዳር 13፣ ቅዳሜ። ከሰዓት 10።

ስገባ ሞርሳዬ ላይ ጣውላ ታስሯል። ዋንዛ፣ ደረቅ፣ እንከን የሌለው። ብርሃኑ ለአንድ ትልቅ ቤት በር ብሎ ሁለት ዓመት ደብቆ ያቆየው። እሱ ራሱ ጥግ ላይ አጎንብሶ የማይቆረጥ ነገር ይቆርጣል። አላመሰገንኩትም። ስምንት ሰዓት ላይ ሻይ አመጣልኝ፤ ጠጣሁ።

ዛሬ እንደገና አንድ። የመጀመሪያዋን የሠራሁበት አሥራ አንድ ቀን በከንቱ አልሄደም፣ እጄ አውቆታል። በስምንት ቀን አወጣታለሁ።

ኅዳር 16፣ ማክሰኞ። ማታ 12።

የዓርቡ ጭስ ዓይናቸውን አቃጥሎት ሰንብቷል። ሐኪም ጋ ወሰድኳቸው፤ ጭሱ አይደለም፣ ራሱ በሽታው ነው፣ ጊዜው ደርሶ ነው አለ። ጠብታ ቀየረላቸው። ዛሬ በሩ ላይ ቆሜ ዝም ብል እማዬን መስዬአቸው ወ/ሮ አስካለ ብለው ጠሩኝ። እኔ ነኝ አልኩ። አወቅኩሽ፣ ስቀልድ ነው አሉ። ሲቀልዱ አልነበረም።

ረፈደብኝ? አልረፈደም። አትጠይቀኝ አንተ ደብተር። ሥራ ላይ ነኝ።

ኅዳር 19፣ ዓርብ። ጠዋት 4።

ሮጬ መጥቼ ነው የምጽፈው!

እማዬ ልብስ አጥባ ግቢው ውስጥ አስጥታለች። ነጩ አንሶላ ከኋላ፣ የእኔ ጥቁር ጃኬት ከፊቱ ባለው ገመድ ላይ። ጋ/ዘ ደጃፋቸው ተቀምጠው ይሄ እጁን የዘረጋው ጥቁር የማን ነው አሉ። እጁን የዘረጋው! እጅጌውን አዩት! ቁርስ ላይ ሳህናቸውን ያላዩ ሰው።

ጎናቸው የቆምኩትን እኔን ግን አያዩም። ጥቁር በነጭ ላይ፣ ከጀርባው ፀሐይ፤ እሱን ያያሉ። ለስንት ቀን? እንጃ። ምናልባት ለጥቂት።

የመርከባቸው ጎን ጥቁር ነበር። ከውሃ በታች ያለው ቀይ። ቀዩን ጠቆር አድርጌ እቀባዋለሁ። ዛሬ አጣብቃለሁ፣ ነገ ቀለም፣ እሁድ ጠዋት ግቢው ውስጥ። ለእማዬ ትልቁን አንሶላ እጠቢ ብያታለሁ፣ ለምን እንደሆነ አልነገርኳትም።

ኅዳር 21፣ እሁድ። ከሰዓት 7።

በጽሞና ልጽፈው። ሁሉንም።

የጽዮን ዕለት። ከቅዳሴ መልስ፣ 5 ሰዓት ገደማ፣ ፀሐይዋ ከአንሶላው ጀርባ ስትመጣ። እማዬ አንሶላውን ወጥራ አስጥታዋለች። ከፊቱ በርጩማ፣ በርጩማው ላይ ሁለት እግር ያለው መቆሚያ፣ ከላዩ መርከቧ። በአየር ላይ፣ ሆዷ ከነሙሉው የሚታይ። ብርሃኑም መጥቷል፣ ሸሚዝ ለብሶ።

ጋ/ዘን አምጥቼ አስቀመጥኳቸው። እጃቸውን ሊዘረጉ ሲሉ ያዝኩ። በእጅ አይደለም፣ ይዩ አልኳቸው።

ፊታቸውን ወደ ግራ፣ ትንሽ ወደ ቀኝ፣ የቀረችውን ቀዳዳ ሲፈልጉ። ከዚያ ፊታቸው አንድ ቦታ ረጋ። ጣታቸውን በአየር ላይ አነሱና ከአፍንጫዋ ጀምረው እስከ ኋላዋ አንድ ጊዜ ሳያቋርጡ መስመሯን አስኬዱ። አልሳቱም። እማዬ አፏን በነጠላዋ ያዘች።

ደጋግመው አዩዋት። በመጨረሻ አንደኛ ማዕረግ ጠፋ አሉ።

አየሁት። እውነታቸውን ነው። ላይዋን ነጭ ነው የቀባሁት፤ ነጩ በነጩ አንሶላ ላይ ጠፍቶባቸዋል። ፎቁ፣ ጀልባዎቹ፣ ክብ መስኮቶቹ፣ ስንት ቀን የፈጋሁበት ሁሉ የለም። የሚታያቸው ጥቁሩ ጎንና ቀዩ ሆድ ነው። ይቅርታ፣ አሁኑኑ አጠቁረዋለሁ አልኩ። አትንኪው አሉ። እየሳቁ፣ እንባቸው ጢማቸው ላይ። እነሱን እንኳ አላውቃቸውም ነበር አሉ።

ከዚያ ተነሱ። ተጠጉና ጣታቸውን ቀዩ ላይ፣ ወደ ኋላዋ ጠጋ አድርገው አስቀመጡ። እዚህ ነበርኩ። ይቺን ውሃ በጆሮዬ ነው የማውቃት አሉ።

ብርሃኑ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ከዚያ ጋ/ዘ ወደ እማዬ ዞረው፣ ወ/ሮ አስካለ፣ አንሶላው ግን በደንብ አልተለቀለቀም፣ ሳሙናው ይሸተኛል አሉ። እማዬ ኡኡ አለች። ሳቅን፣ ያለቀስነውም ያላለቀስነውም።

ሳቁ ሲበርድ እማዬ መርከቧን እየዞረች አየች። የማሂስ ክፍል የት ጋ ይሆናል አለችኝ፣ ፊቷ ፈክቶ፣ ጣቷን ከላይ ነጩ ላይ እያንከራተተች፣ በረንዳ ስትፈልግ።

ጋ/ዘን አየሁ። እጃቸው ገና ቀዩ ላይ ነበር።

ዝም ማለት እችል ነበር። ቃል ገብቻለሁ። ነገር ግን አንድ ጊዜ ሆዷን ቆርጬ ጥያለሁ፤ ሁለተኛ አልቆርጥም። የእማዬን ጣት ይዤ ወደ ታች አወረድኩት። መስመሩን አሳልፌ። እዚህ አልኩ።

መስኮት አለው? የለውም።

እማዬ እጇን አላነሳችም። ፎቶው ትዝ ብሏት ይሆናል። ብቻ ጋ/ዘን፣ ይበርዳል ወይ አለቻቸው። አይበርድም፣ ይሞቃል አሉ፤ ማሽኑ ቅርብ ስለሆነ ይሞቃል፣ ድምፁ ደግሞ ያስተኛል፣ ልጅቷ እንቅልፍ አታጣም። እማዬ ራሷን ነቀነቀች። ገብታ በሩን ዘጋች። ስትወጣ ዓይኗ ቀልቷል፣ ድምጿ ግን ያው የእማዬ ድምፅ። የእሷንም ሥሪልኝ አለች። ሙሉዋን።

ኅዳር 22፣ ሰኞ። ጠዋት 1።

ማሂን ነገርኳት። ግማሽ ሰዓት ተቆጣች። ከዚያ መልእክት፦ አራተኛው በር ከኋላ፣ በግራ፣ ከልብስ ማጠቢያው ቀጥሎ። ለካ እሷም ማጠቢያው አጠገብ ናት። ጋ/ዘ ይሄን ሲሰሙ መዳፋቸውን ከመዳፋቸው አጋጩ።

እማዬ ፎቶውን ከቡፌው አላነሳችውም። ትንሽ ገፋ አድርጋ ቦታ ለቀቀች፤ ቦታውን በስንዝር ለካሁት፣ ይበቃል።

ባለ ሰባ ሁለት በረንዳዋ መርከብ ሼድ ጥግ ላይ አለች፣ ታቿ ጠፍጣፋ። ላይዋ እንግዲህ አልቋል። ብርሃኑ ጣውላ ያዘልኝ። ከሆዷ ነው የምጀምረው።